ከጅማ ወደ ጀርመን፦ የትዳር ቪዛ እንዴት ይጠየቃል?

ባለቤትዎ ጀርመን የሚኖር ከሆነና እዚያው አብረው ለመኖር ካሰቡ፣ የሚያስፈልግዎት ለጉብኝት የሚሰጠው የሼንገን ቪዛ ሳይሆን ለቤተሰብ መቀላቀል የሚሰጠው ብሔራዊ ቪዛ ነው። የሼንገን ቪዛ ከ90 ቀን በላይ አያስቆይም፤ በእሱ ገብተው የመኖሪያ ፈቃድ ቢጠይቁ አብዛኛውን ጊዜ ወደ አገርዎ ተመልሰው ከመጀመሪያው እንዲጀምሩ ይነገርዎታል። ለመኖሪያ ቪዛው በመርህ ደረጃ ባልም ሚስትም 18 ዓመት የሞላቸው መሆን አለባቸው።

ሥራው ከወረቀት በፊት ከቋንቋ ቢጀመር ይመረጣል፤ ብዙ ጊዜ የሚወስደው እሱ ነውና። አመልካች ቀላል ጀርመንኛ እንደሚችል የሚያሳይ የኤ1 ደረጃ ምስክር ወረቀት ማቅረብ ይጠበቅበታል። ፈተናው ማዳመጥ፣ ማንበብ፣ መጻፍና መናገርን ይይዛል፤ ለማለፍም ከ100 ነጥብ 60 ማግኘት ያስፈልጋል። አዲስ አበባ የሚገኘው የጎተ ተቋም ትምህርቱንም ፈተናውንም ይሰጣል፤ ለዚህ ደረጃ እንደ ተማሪው ዝግጅት ከ80 እስከ 200 ክፍለ ጊዜ ያስፈልጋል ተብሎ ይገመታል። ይህን ሁሉ ጊዜ አዲስ አበባ ቤት ተከራይቶ መማር ለጅማ ሰው ከባድ ወጪ ስለሆነ፣ ትምህርቱን በኢንተርኔት ተከታትሎ ለፈተናው ብቻ መጓዝ ይሻላል ባይ ነኝ። ባለቤትዎ ብሉ ካርድ (ለከፍተኛ ባለሙያዎች የሚሰጥ የመኖሪያ ፈቃድ) ያለው ከሆነ፣ ወይም ከጀርመን ውጭ ያለ የሌላ የአውሮፓ ኅብረት አገር ዜጋ ከሆነ ግን ይህ ግዴታ አይመለከትዎትም።

ቀጥሎ ትዳሩ በመንግሥት መዝገብ መስፈሩን ያረጋግጡ። በጅማ ብዙ ሰው የሚጋባው በኒካህ ወይም በቤተ ክርስቲያን ሥርዓት ሲሆን፣ ሕጉም ሃይማኖታዊና ባህላዊ ጋብቻን ይቀበላል። ከአገር ውጭ ለሚቀርብ ማመልከቻ የሚያገለግለው ግን የኒካህ ወረቀት ብቻውን ሳይሆን በወሳኝ ኩነት ምዝገባ የሚሰጠው የጋብቻ ምስክር ወረቀት ነው። ጋብቻ በተፈጸመ በ30 ቀን ውስጥ መመዝገብ ያለበት ቢሆንም፣ ጊዜው ያለፈበትም ቢሆን የዘገየ ምዝገባ ተብሎ ሊመዘገብ ስለሚችል ተስፋ አይቁረጡ። ሙሽራው ውጭ አገር ሆኖ ኒካሁ በወኪል የታሰረ ከሆነ አስቀድመው የሕግ ምክር ይጠይቁ፤ በ1992 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራሉ የተሻሻለ የቤተሰብ ሕግ ተጋቢዎቹ በአካል እንዲገኙ የሚያዝዝ ሲሆን ውክልናን የሚፈቅደው በልዩ ሁኔታ ብቻ ነው። ከዚህ በፊት አግብቶ የፈታ ሰው የፍርድ ቤቱን የፍቺ ውሳኔ፣ የትዳር ጓደኛው የሞተበት ደግሞ የሞት ምስክር ወረቀት ያያይዛል።

ከሁሉም በላይ ጊዜ ሊሰጠው የሚገባው የስምና የቀን ጉዳይ ነው። በኦሮሚያ የቀበሌ ሰነድ በቁቤ ይጻፋል፤ ፓስፖርት ደግሞ በእንግሊዝኛ አጻጻፍ። በቁቤ «ጣሃ» የሚለው ስም በኤክስ ፊደል ሲጀምር በፓስፖርት ላይ በቲ ይጀምራል፤ «ጫልቱ» በቁቤ በሲ ብቻ ተጽፎ በፓስፖርት ላይ ኤች ይጨመርበታል። እኛ ሁለቱንም ስናነብ አንድ ሰው እንደሆነ ወዲያው እናውቃለን፤ ፋይሉን የሚያነበው የጀርመን ሹም ግን የሚያየው የሁለት ሰዎችን ስም ነው። የትውልድ ቀንም እንዲሁ ነው። ጥር 5 ቀን 1990 ዓ.ም. የተወለደች ሴት በፈረንጆች አቆጣጠር የተወለደችው ጃንዋሪ 13 ቀን 1998 ሆኖ ሳለ፣ አንድ ጸሐፊ ቀኑን ሳይቀይር 5/5/1990 ብሎ ከገለበጠው ወደ ስምንት ዓመት የሚጠጋ ዕድሜ ይጨመርባታል። ስለዚህ የልደት ምስክር ወረቀቱን፣ የጋብቻ ምስክር ወረቀቱን፣ የትምህርት ማስረጃውንና መታወቂያውን ጠረጴዛ ላይ ዘርግተው ፊደል በፊደል ያስተያዩ፤ የአያትን ስምና የትውልድ ቦታንም አይርሱ። ልዩነት ካለ ጅማ እያሉ ያስተካክሉት፤ ጽሕፈት ቤቱ በራሱ ሊያርመው ካልቻለ መንገዱ ፍርድ ቤት ነው። ፓስፖርት ገና ካላወጡ ጥሩ ዕድል ነውና የስሙን አጻጻፍ ከምስክር ወረቀቱ ጋር አጣጥመው በኢሚግሬሽንና ዜግነት አገልግሎት የጅማ ቅርንጫፍ ያውጡት።

ሰነዶቹ ሲስተካከሉ በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ይረጋገጣሉ፤ በአፋን ኦሮሞ ወይም በአማርኛ ብቻ የተጻፉትም ይተረጎማሉ። ባለቤትዎ በበኩሉ የፓስፖርቱንና የመኖሪያ ፈቃዱን ቅጂ እንዲሁም የአድራሻ ምዝገባውን ይልካል። የጀርመን ዜጋ ካልሆነ በአብዛኛው የሥራ ውልና የደመወዝ ወረቀት፣ በቂ ስፋት ያለው ቤት ለመከራየቱም ውሉ ይጨመራል።

ማመልከቻው የሚቀርበው አዲስ አበባ ቀበና ለሚገኘው የጀርመን ኤምባሲ ነው። የሚፈለጉትን ሰነዶች ዝርዝርና የቀጠሮ አያያዙን ከራሱ ከኤምባሲው ድረ ገጽ ይውሰዱ፤ ቀጠሮ እናስይዛለን ለሚሉ ደላሎች የሚከፈል ብር በኔ ግምት ለማንም አይበጅም። ክፍያው 75 ዩሮ ሲሆን የጀርመን ዜጋ ባል ወይም ሚስት ግን አይከፍሉም። ጅማና አዲስ አበባ 350 ኪሎ ሜትር ያህል ስለሚራራቁ፣ በቀጠሮው ዋዜማ ደርሶ ማደር እንጂ በዚያው ሌሊት አውቶቡስ ለመያዝ መጣደፍ አያዋጣም።

በቃለ መጠይቁ ስለ ትውውቃችሁ፣ ስለ ሠርጉና ስለ ቤተሰቦቻችሁ ልትጠየቁ ትችላላችሁ። ባለቤትዎም እዚያ ተመሳሳይ ጥያቄ ሊቀርብለት ስለሚችል፣ የማያስታውሱትን አላስታውስም ማለት ፈጥሮ ከመናገር ይሻላል። ፋይሉ ባለቤትዎ በሚኖርበት ከተማ ወዳለው የውጭ ዜጎች ጽሕፈት ቤት ይላካል። ኤምባሲው በሰነዶቹ ላይ ጥርጣሬ ካደረበትም የሚያምነውን ጠበቃ ልኮ ሊያጣራ ይችላልና፣ ለወራት መጠበቅ የተለመደ ነው። በዚህ ጊዜ ስልክ ቁጥርዎን አይቀይሩ፤ ሥራዎንም ቪዛው እጅዎ ሳይገባ አይልቀቁ።

ፓስፖርቱ ሲመለስ ቪዛው ላይ ያለውን ስም፣ የልደት ቀንና የመግቢያ ጊዜ ከኤምባሲው ግቢ ሳይወጡ ያንብቡ። ጀርመን እንደደረሱ በአጠቃላይ በሁለት ሳምንት ውስጥ አድራሻ ማስመዝገብ፣ ቀጥሎም ቪዛው ሳያልቅ የመኖሪያ ፈቃድ መጠየቅ ያስፈልጋል፤ ፈቃዱም ሥራ ለመሥራት ያስችላል። በሁለቱም ቦታ የጋብቻ ምስክር ወረቀቱ ሊጠየቅ ስለሚችል፣ ዋናዎቹ ሰነዶች በሚጫነው ሻንጣ ሳይሆን በእጅ ቦርሳዎ ውስጥ ይሁኑ።