ኩዌንች በላፕቶፕ፦ ስፒኖችን ድንገት ረብሾ ማየት

ብዙ ስፒን (እንደ ትንሽ ማግኔት ወደ ላይ ወይ ወደ ታች የሚያመለክት የኳንተም ባህሪ) ያለበት ሲስተም ከሚዛን ሲወጣ ምን እንደሚሆን ለማየት ላብ ምናምን አያስፈልግም፣ ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ማራኪ ግቢ ዶርም ቁጭ ብለህ በ8 ጊጋ ላፕቶፕ ይሰራል። ፓይተንና የሂሳብ ላይብረሪዎቹን ናምፓይና ሳይፓይ ጫን፣ ከዛ 14 ስፒን በሰንሰለት ደርድር፣ አይዚንግ ሞዴል (ጎረቤት ስፒኖች ብቻ እርስ በርስ የሚነካኩበት ቀላል ሞዴል) ለመጀመሪያ ይበቃል።

አንድ ስፒን በጨመርክ ቁጥር የሲስተሙን ሁኔታ የሚገልጹት ቁጥሮች እጥፍ ስለሚሆኑ ለ14ቱ 16,384 ቁጥር ትይዛለህ፣ ሃሚልቶኒያኑን (የሲስተሙን ኢነርጂ የሚገልጸውን) ግን ሙሉ ማትሪክስ አድርገህ እንዳትሰራው፣ ከ4 ጊጋ በላይ ራም ይበላና ላፕቶፑ ድርቅ ይላል (እኔ ሁለቴ ጉድ ሆኛለሁ)፣ ስፓርስ አድርገው፣ ዜሮ ያልሆኑትን ብቻ ያዝ።

አሁን ሁሉንም ወደ ላይ አድርገህ ጀምርና ድንገት የጎን ማግኔቲክ ፊልድ ክፈትባቸው፣ ኩዌንች የሚሉት ይሄን ነው። በትንንሽ ስቴፕ አስኬድና በስፒኖች መሃል ያለውን ኮሪሌሽን (አንዱ ከሌላው ጋር ምን ያህል እንደተያያዘ) በርቀትና በጊዜ ሳል፣ ሾጣጣ ቅርፅ ይወጣል። ጥምቀት ላይ ፋሲል መዋኛ ጋ ሰው ተጨናንቆ አንዱ ሲገፋ ዳር ያለው ወዲያው አይሰማውም አይደል፣ በተራ በተራ ነው የሚደርሰው፣ ስፒኖቹም እንደዛው፣ ፊዚሲስቶቹ ሊብና ሮቢንሰን በ1972 ያሳዩት የፍጥነት ገደብ አለ። ግፊያው የሰንሰለቱ ጫፍ መትቶ ሲመለስ ካየህ ከዛ በኋላ ያለውን አትመነው።

ጠቅላላ ኢነርጂው ከኩዌንቹ በኋላ መለወጥ የለበትም፣ ከተለወጠ ኮድህ ውስጥ ስህተት አለ። ሲስተሙ ራሱን ሲያሞቅ (ኢነርጂ ሳይጨመርለት በራሱ ወደ ሙቀት ሚዛን ሲደርስ) ማየት ከፈለክ ደግሞ ስፒኖቹ በቆሙበት አቅጣጫም ትንሽ ፊልድ ጨምር፣ ያለሱ ሞዴሉ በቀመር ስለሚፈታ እንደሌላው አይሞቅም።

መብራት ሳይጠፋብህ ቶሎ ቶሎ ሴቭ አድርግ ደግሞ።