ቁጥሩ ልክ፣ ሪፖርቱ ስህተት፦ የሽያጭ ተንታኝ ሊያስወግዳቸው የሚገቡ ስህተቶች

የሽያጭ ተንታኝ፣ በየቢሮው አጠራር «ሴልስ አናሊስት»፣ ሻጭ አይደለም። የሒሳብ ሠራተኛም አይደለም። ሥራው ምን እንደተሸጠ፣ ምን እንዳልተሸጠና ለምን እንደሆነ ከመረጃው አንብቦ ለሽያጭ ኃላፊው የሚወስንበትን ነገር ማቅረብ ነው። የሥራ ማስታወቂያዎቹ ላይ ኤክሴል፣ ኤስኪውኤል (ከዳታቤዝ መረጃ መጠየቂያ ቋንቋ)፣ ፓወር ቢአይ (ዳሽቦርድ፣ ማለትም ግራፎች የተሰበሰቡበት ገጽ መሥሪያ) ተደርድረው ታያላችሁ። ያስፈልጋሉ፣ በዚህ ክርክር የለኝም። ግን ብዙ ሪፖርት የሚበላሸው ፎርሙላ ባለማወቅ ሳይሆን ቁጥሩ የመጣበትን ገበያ ባለማወቅ ነው። ከታች ያሉት ስህተቶች አብዛኞቹ እኛ አገር ገበያ ላይ በደንብ የሚታዩ ናቸው፤ ውጭ አገር የተዘጋጀ የኦንላይን ኮርስ ላይ አታገኟቸውም።

ወርን ከወር ጋር ዝም ብሎ ማወዳደር

ትልቁ ስህተት ይሄ ነው፣ ስለዚህ ትንሽ ልቆይበት።

ወተት ወይም ቅቤ የሚያከፋፍል ድርጅት ውስጥ ትሠራላችሁ እንበል። አለቃችሁ የካቲት 2017ን ከየካቲት 2016 ጋር አወዳድሩልኝ አሉ። ቁጥሩ በጣም ወርዷል። ስብሰባ ይጠራል፣ ሻጮቹ ይወቀሳሉ፣ አንዱ ደግሞ ማስታወቂያ ይጨመር ይላል። ቆይ ግን። በ2016 ፋሲካ የዋለው ሚያዝያ 27 ነው። ዐቢይ ጾም የገባው መጋቢት 2 ነበር ማለት ነው። ነነዌን፣ ረቡዕንና ዓርብን ትተን የካቲት ከዳር እስከ ዳር የፍስክ ወር ነበር። በ2017 ግን ፋሲካ ሚያዝያ 12 ዋለ፣ ሁዳዴም የካቲት 17 ገባ። ከ30ው ቀን 14ቱ ጾም ሆነ። ታዲያ የቅቤ ሽያጭ ባይወርድ ነበር የሚገርመው!

መፍትሔው ጾምን ከጾም፣ ፍስክን ከፍስክ ጋር ማወዳደር ነው። ፋሲካን መነሻ አድርጋችሁ ወደኋላ ቁጠሩ፦ የዘንድሮውን 55 የጾም ቀናት ከአምናው 55፣ ከጾሙ በፊት ያለውን ሳምንት ከአቻው ሳምንት፣ የፋሲካን ዋዜማ ከዋዜማው ጋር። ዘይት፣ ሽሮ ወይም ምስር የሚሸጥ ድርጅት ውስጥ ከሆናችሁ ነገሩ ተገልብጦ ይመጣል፤ የካቲት ላይ «አድገናል» ብላችሁ ታጨበጭቡና ሚያዝያ ላይ ትደነግጣላችሁ።

ረመዳን ደግሞ በየዓመቱ 11 ቀን ገደማ ቀደም እያለ ይመጣል። በ2016 ከዐቢይ ጾም ጋር በአንድ ቀን፣ መጋቢት 2 ገባ። በ2017 ግን የካቲት 22 ነበር። ቴምር የሚሸጥ ሰው ይህን በጣቱ ይቆጥረዋል፤ ተንታኙ ግን ሪፖርቱ ላይ «በመጋቢት የፍላጎት መቀነስ ታይቷል» ብሎ ይጽፋል። መስቀልና ጥምቀት ቀናቸው ስለማይንቀሳቀስ ያን ያህል አያስቸግሩም።

ጳጉሜንም አትርሱ። 5 ወይም 6 ቀን ያላትን ወር እንደ 13ኛ ወር ግራፍ ላይ ስታስቀምጧት መስመሩ ገደል ይገባል፣ ያላወቀ ሰውም ይደነግጣል። ወይ ከነሐሴ ጋር ደምሯት፣ ወይ ሁሉንም ወር በቀን አማካይ አሳዩ። እኔ ሁለተኛውን እመርጣለሁ።

ቀኑን ለኤክሴል አምኖ መስጠት

ኤክሴል የእኛን ዘመን አቆጣጠር አያውቅም። ግን እንደማያውቅም አይነግራችሁም፣ ችግሩ እሱ ነው።

አንድ የመጋዘን ሠራተኛ የካቲት 30 ቀን 2017ን 30/6/2017 ብሎ ሲጽፍ፣ ኮምፒውተሩ ቀኑን ከወሩ አስቀድሞ እንዲያነብ የተስተካከለ ከሆነ፣ ኤክሴል ይህን ጁን 30 ያደርገዋል፤ ያውም የፈረንጆቹን 2017። ጥቅምት 30ን 30/2/2017 ብሎ ሲጽፍ ደግሞ ፌብሩዋሪ 30 የሚባል ቀን ስለሌለ እንደ ተራ ጽሑፍ ይወስደዋል፣ በቀን ስታጣሩም ከዝርዝሩ ውስጥ ይጠፋል። ጳጉሜን 3ን 3/13/2017 ብሎ ከጻፈና ኮምፒውተሩ በአሜሪካ አጻጻፍ (ወሩ ቀድሞ) የተስተካከለ ከሆነ ማርች 13 ሆኖ ቁጭ ይላል። አንድም ቀይ ምልክት አይወጣም። ድምሩ ልክ ነው፣ ቀኑ ግን ሌላ።

ቀን፣ ወርና ዓመትን በሦስት የተለያዩ ዓምዶች አስመዝግቡ። ከዚያ አንድ የቀን መቁጠሪያ ሠንጠረዥ ሥሩ፦ በእያንዳንዱ መስመር የእኛ ቀን፣ የፈረንጆቹ ቀን፣ ጾም ነው አይደለም፣ በዓል ነው አይደለም፣ ረመዳን ነው አይደለም። አንድ ከሰዓት በኋላ ይበቃችኋል፣ ለዓመታትም ያገለግላችኋል። ሰዓቱንም ጠይቁ። ካሽ ሬጅስተሩ 14:00 የሚለውን ባለሱቁ 8 ሰዓት ብሎ ነው ደብተሩ ላይ የሚጽፈው፤ ሁለቱን ሳታስታርቁ «ሱቁ የሚበዛበት ሰዓት» የሚል ግራፍ ብትሠሩ ሰዎች ይስቁባችኋል።

ብሩ ጨመረ ብሎ ሽያጩ አደገ ማለት

ሐምሌ 22 ቀን 2016 የውጭ ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ከውጭ የሚገባ ነገር ሁሉ ዋጋው ተቀየረ። ከዚያ ወዲህ ከ2016 ጋር በብር ብቻ እያወዳደራችሁ «አድገናል» የምትሉ ከሆነ አንድ ጊዜ ቆም በሉ።

ምሳሌ ልስጣችሁ፣ ቁጥሮቹ የፈጠርኳቸው ናቸው። አንድ የሳሙና አከፋፋይ በ2016 አንድ ወር 1,000 ካርቶን በ1,200 ብር ሸጠ፤ 1.2 ሚሊዮን ብር። በ2017 በዚያው ወር 800 ካርቶን በ1,800 ብር ሸጠ፤ 1.44 ሚሊዮን ብር። በብር ካያችሁት 20 በመቶ አድጓል። በካርቶን ካያችሁት 20 በመቶ ወርዷል። ሁለቱም እውነት ናቸው። ለይታችሁ አሳዩ፦ 200 ካርቶን በመቀነሱ በአሮጌው ዋጋ 240,000 ብር ቀርቷል፣ ካርቶኑ 600 ብር በመጨመሩ ደግሞ በ800ው ካርቶን ላይ 480,000 ብር ገብቷል። ልዩነቱ 240,000 ብር ጭማሪ ነው። አለቃችሁ ይህን ሲያዩ የሚጠይቁት ጥያቄ ይቀየራል። 200ውን ካርቶን ይገዙ የነበሩት ሰዎች የት ሄዱ? ርካሽ ወደሆነ ሳሙና ዞሩ ወይስ ትንሿን ፍሬ መግዛት ጀመሩ? ይህን ጥያቄ የሚያስነሳ ሪፖርት ነው ደመወዝ የሚያስከፍለው።

ወኪሉ መጋዘን የገባውን እንደተሸጠ መቁጠር

ሰኔ 30 ሲቃረብ ምን እንደሚሆን የሽያጭ ክፍል የሠራ ሰው ያውቃል። በጀት ዓመቱ ሊዘጋ ነው፣ ኮታው አልሞላም፣ ቦነሱ ሊያመልጥ ነው። ስልክ ይነሳል፦ «ጋሼ፣ 500 ካርቶን ልላክልዎ፣ ክፍያው ችግር የለም፣ ሐምሌ ላይ እንነጋገራለን።» ጋሼም እሺ ይላሉ፣ ምክንያቱም በዱቤ ነው፣ ዋጋም ሊጨምር ይችላል። ሰኔ ላይ ሪከርድ ተሰበረ ተብሎ ኬክ ይቆረሳል። ሐምሌ ላይ ማንም አያዝም። ተንታኛችን ምን ብሎ ይጽፋል? «በክረምቱ ምክንያት ሽያጭ ቀንሷል።» ክረምቱ ምን አደረገ!

ከወኪሎቹ በየሳምንቱ የክምችት ቆጠራ ጠይቁ። ሒሳቡ ቀላል ነው። ሰኔ መጀመሪያ 200 ካርቶን ነበረ፣ 500 ገባ፣ መጨረሻ ላይ ሲቆጠር 560 አለ። ስለዚህ በእውነት ወደ ሱቆች የወጣው 140 ካርቶን ብቻ ነው። በድርጅቱ ሲስተም ላይ ግን 500 ተብሎ ተመዝግቧል። ቆጠራውን የማይሰጥ ወኪል ካለ፣ እሱም ራሱ መረጃ ነው።

በነገራችን ላይ የዱቤ ሽያጭንም ከተሰበሰበ ገንዘብ ለይታችሁ አሳዩ። 90 ቀን ያልተከፈለበት ደረሰኝ ከጥሬ ገንዘብ ሽያጭ ጋር በአንድ መስመር መቀመጥ የለበትም።

ዜሮን «ፈላጊ የለም» ብሎ ማንበብ

አንድ ሱቅ በወር 180 ፍሬ ሸጠ። በ30 ስታካፍሉት በቀን 6። ለቀጣዩ ወርም 180 ይላክለት ብላችሁ ጻፋችሁ። ግን ዕቃው በ18ኛው ቀን አልቆ 12 ቀን መደርደሪያው ባዶ ነበር። ዕቃው በነበረባቸው ቀናት የተሸጠው በቀን 10 ነው፤ 300 ነበር መላክ የነበረበት። አሁን 180 ስትልኩለት እንደገና ያልቃል፣ እንደገና 180 ይሸጣል፣ እናንተም «ትንበያዬ መቶ በመቶ ልክ ነበር» ትላላችሁ። ይሄ ዑደት ለዓመት ሊዞር ይችላል፣ ማንም ሳያውቀው። የሽያጭ መረጃ ያለ ስቶክ መረጃ ግማሽ ነው፤ መጋዘን ክፍል ካሉት ሰዎች ጋር ቡና መጠጣት ጀምሩ።

አንዱን ደንበኛ አራት አድርጎ መቁጠር

ፀሐይ፣ ጸሐይ፣ ፀሀይ፣ ጸሃይ። ለእናንተ አንዲት ሴት ናት። ለኮምፒውተሩ አራት ናቸው። ኃይሉ፣ ሀይሉ፣ ሃይሉም እንደዚሁ። ከዚያ «የደንበኞቻችን ቁጥር ጨመረ፣ በደንበኛ አማካይ ግዢ ግን ቀነሰ» የሚል ግኝት ይወጣል፣ ስትራቴጂም ይነደፍበታል። ከመተንተናችሁ በፊት ሀ፣ ሃ፣ ሐና ኀን ወደ አንድ፣ ሰና ሠን ወደ አንድ፣ አና ዐን ወደ አንድ፣ ጸና ፀን ወደ አንድ ቀይሩ። ለማወዳደሪያ ብቻ ነው የምላችሁ፤ ዋናውን ስም አትንኩ፣ ሰው ስሙ ሲበላሽ ይከፋዋል።

ከስም ይልቅ በቲን ነምበር ወይም በስልክ ቁጥር ማያያዝ ይሻላል። እዚያም ወጥመድ አለ፦ 10 አሃዝ ያለው ቲን ብዙ ጊዜ በዜሮ ይጀምራል፣ ስልኩም 09 ወይም 07 ብሎ ይጀምራል፣ ኤክሴል ደግሞ ፊት ያለችውን ዜሮ ይውጣታል። ዓምዱን መጀመሪያውኑ «ቴክስት» አድርጉት።

ቫቱን በስህተት ማውጣት

አጭር ናት። ቫት 15 በመቶ ነው። 115 ብር ከነቫቱ ከሆነ ያለ ቫት ስንት ነው? 100። ግን ብዙ ሰው ከ115 ላይ 15 በመቶ ቀንሶ 97.75 ያወጣል። ለ1.15 ማካፈል ነው የሚገባው። በ10 ሚሊዮን ብር ሽያጭ ላይ ይህች ስህተት ከ195 ሺህ ብር ትበልጣለች። አንዱ ቅርንጫፍ ከነቫቱ፣ ሌላው ያለ ቫት ሪፖርት እያደረገ ከሆነማ ጭራሽ ማወዳደሩን ተዉት።

ሳይጠይቁ ዳሽቦርድ መሥራት

«የሽያጭ ሪፖርት ሥሩልኝ» ሲባሉ ሮጠው ፓወር ቢአይ የሚከፍቱ አሉ። 14 ግራፍ፣ ካርታ፣ የሚሽከረከር ነገር፣ ሰባት ቀለም። ኃላፊው አንዴ ያዩታል፣ «ጎበዝ» ይላሉ፣ ተመልሰው አይከፍቱትም።

መጀመሪያ ጠይቁ፦ ይህን ቁጥር ካዩ በኋላ ምን ሊወስኑ ነው? ሻጭ ሊጨምሩ ነው? የአዳማን ወኪል ሊቀይሩ ነው? ዋጋ ሊያስተካክሉ ነው? መልሱ ሪፖርቱ ውስጥ የሚገባውንና የማይገባውን ይለይላችኋል። ከዚያ መልሱን ከላይ በአንድ ዓረፍተ ነገር ጻፉት። «ወኪሉ ካለፉት 6 ወራት በ4ቱ ዕቃ አልቆበት ነበር፤ ችግሩ የፍላጎት ሳይሆን የማድረስ ነው።» ሠንጠረዡ ከሥር ይምጣ። ይህን መጻፍ የቻለ ሰው ከሦስት ሰርተፊኬት ይበልጣል ባይ ነኝ።

መርካቶ ሳይወርዱ ስለ መርካቶ መጻፍ

በወር አንድ ቀን ከሻጮቹ ጋር መኪና ላይ ውጡ። አንድ ሱቅ ውስጥ የትኛው ዕቃ ከፊት፣ የትኛው ከኋላ እንደተቀመጠ፣ ተፎካካሪው ለባለሱቁ ስንት ትርፍ እንደሚተው፣ ካርቶኑ ተፈትቶ በፍሬ እንደሚሸጥ እዚያው ታዩታላችሁ። ሻጮቹም ቢሮ ተቀምጦ ቁጥር የሚያወጣባቸውን ሰው ትንሽ ማመን ይጀምራሉ፤ ካላመኑ ደግሞ የምትፈልጉትን መረጃ አሳምረው እንጂ እንዳለ አይሰጧችሁም።

አለቃ የሚወዱትን ቁጥር ማምጣት

ይሄኛው ከባድ ነው፣ በተለይ ለጀማሪ። «እስቲ ሌላ ወር አድርገህ እየው»፣ «ያንን ቅርንጫፍ አውጥተሽ አስሊው» ይባላል። አንዳንዴ ተገቢ ነው፣ በእርግጥም የተዘጋ ቅርንጫፍ መውጣት አለበት። አንዳንዴ ግን ቁጥሩ እስኪያምር መነካካት ነው። ፊት ለፊት መጋጨት የለባችሁም። የተጠየቃችሁትን ሥሩ፣ ግን ምን እንዳወጣችሁ ከሥር በግልጽ ጻፉ፣ ዋናውንም ቁጥር አጠገቡ አስቀምጡ።

ከመላካችሁ በፊት ደግሞ ድምሩን ከሒሳብ ክፍል ድምር ጋር አመሳክሩ። መቼም አንድ ዓይነት አይመጣም። ልዩነቱ ከየት እንደመጣ በአንድ መስመር ግለጹት፦ ተመላሽ ዕቃ ነው፣ የተሰረዘ ደረሰኝ ነው፣ ወይስ ሰኔ 30 ማታ ተቆርጦ ሐምሌ 1 የተመዘገበ ሽያጭ።