ብርድ፣ አቧራና ውድቀት የሚችል ባለ ቁልፍ ስልክ እንዴት ይመረጣል?

መንዝ ላይ ገብስ የሚወቃ ገበሬ፣ ሸዋ ሮቢት ላይ ሽንኩርት የሚጭን የቀን ሠራተኛ፣ ደብረ ብርሃን ላይ ብሎኬት የሚደረድር ግንበኛ ከስልክ የሚፈልጉት ብዙ አይደለም፤ ሲደወል የሚሰማ፣ ሲወድቅ የማይሰበር፣ ባትሪው ቶሎ የማያልቅ ይሁን ነው። ሱቅ ሲገቡ ግን ሻጩ የሚያወጣላቸው ወፍራም ጎማ የለበሰ፣ ዳር ዳሩን ብሎን የተደረደረበት ቀፎ ነው። ያ ብሎን ብዙ ጊዜ ጌጥ ነው። ለእኔ ጠንካራ ስልክ ማለት ሲበላሽ በአቅራቢያ ከተማ ያለ ጠጋኝ የሚከፍተው፣ ባትሪውም በየሱቁ የሚገኝ ስልክ ነው።

1. ከስልኩ በፊት ኔትወርኩን ይወቁ

የሰሜን ሸዋ አካባቢ ጋራና ገደል የበዛበት ስለሆነ አፋፉ ላይ ጥሩ የነበረው ኔትወርክ ቆላ ሲወርዱ ይጠፋል። በቤትዎና በሥራ ቦታዎ የትኛው እንደሚይዝ፣ ኢትዮ ቴሌኮም ይሁን ሳፋሪኮም፣ ጎረቤት ይጠይቁ። ሁለቱም እየቆራረጡ የሚይዙ ከሆነ ሁለት ሲም ካርድ የሚወስድ ይግዙ። ካርቶኑ ላይ 900 እና 1800 ሜጋ ኸርዝ የሚሉት የኔትወርክ ሞገዶች መጻፋቸውንም ይመልከቱ። ዘመድ ከአሜሪካ የላከው አሮጌ ቀፎ 850 እና 1900 ብቻ ከሆነ እዚህ አይሠራም። በቴሌብር ገንዘብ ለመላክ ውድ ስልክ አያስፈልግም፤ *127# መደወል የሚችል ይበቃል።

2. ቀፎውን አገላብጠው ይዩ

ቁልፎቹ አንድ ወጥ ጎማ ቢሆኑ ይመረጣል። ለየብቻ የተተከሉ ከሆነ የአውድማ እብቅና የሲሚንቶ ብናኝ በመካከላቸው ይገባል። መስታወቱ ከጠርዙ ዝቅ ያለ ይሁን፤ በግንባሩ ሲወድቅ መጀመሪያ መሬት የሚነካው ጠርዙ እንዲሆን ነው። ክዳኑን በጥፍር ከፍተው ይዝጉት፤ ከአሁኑ የሚላላ ከሆነ ይተዉት።

3. ባትሪው ላይ አይቸኩሉ

ወጥቶ የሚቀየር ባትሪ ይምረጡ። በኖኪያ ቀፎዎች የታወቀው ቢኤል 5ሲ ለብዙ ሌሎች ስልኮችም ስለሚሆን በየገበያው ይገኛል። ትክክለኛው የሚይዘው 1020 ሚሊአምፔር ሰዓት ነው፤ በዚያው መጠን ባለ ባትሪ ላይ 3000 ተብሎ ቢጻፍ ውሸት ነው። አሮጌ ባትሪ ከሆነ ጠረጴዛ ላይ አጋድመው በጣት ያሽከርክሩት። እንደ እንዝርት ከዞረ ሆዱ አብጧልና አይውሰዱት። ሊቲየም ባትሪ ሳይሠራበትም ስለሚያረጅ ለከርሞ ብሎ ገዝቶ ማስቀመጥ ትርፍ የለውም።

መሐል ሜዳን የመሰለ ከባሕር ጠለል በላይ ከ3000 ሜትር ከፍ ያለ ቦታ የሚኖር ሰው ብርዱንም ያስብ። በኅዳርና በታኅሣሥ ውርጭ ማታ ሙሉ የነበረ ባትሪ ጠዋት ጎድሎ ቢገኝ ሁልጊዜ ተበላሽቷል ማለት አይደለም። ቅዝቃዜ በባትሪው ውስጥ ያለውን ኬሚካላዊ ሂደት ያዘገየዋል፤ ሙቀት ሲያገኝ አብዛኛው አቅም ይመለሳል። ስለዚህ ስልኩ ከበርኖሱ በላይ ሳይሆን ከሥር፣ ሰውነት አጠገብ ይዋል። ከዜሮ ዲግሪ በታች ወርዶ የቀዘቀዘውን ባትሪ ወዲያው ቻርጅ ማድረግ ግን በእውነት ይጎዳዋል፤ መጀመሪያ ይሙቅ። ቆላ ለሚውለው ምክሩ የተገላቢጦሽ ነው፤ ፀሐይ ላይ አያስቀምጡት።

4. «ውሃ አያስገባም» ሲባሉ ቁጥሩን ይጠይቁ

አይፒ 67 የሚል ምልክት ካለ የፊተኛው 6 አቧራ እንደማያስገባ፣ የኋለኛው 7 አንድ ሜትር ጥልቀት ባለው ውሃ ውስጥ ለ30 ደቂቃ መቋቋሙን ያመለክታል። ቁጥር ከሌለ ያለው የሻጭ ቃል ብቻ ነው። የአሜሪካ ጦር መመዘኛ 810 የሚለው ጽሑፍ ደግሞ ከብዙዎቹ ፈተናዎች የትኞቹን እንዳለፈ ካልተገለጸ ብዙም አይነግርዎትም፤ ፈተናዎቹን የሚመርጠው አምራቹ ራሱ ነውና። የቻርጀሩ ቀዳዳ የጎማ መክደኛ ከተቆረጠም የተጻፈው ቁጥር ዋጋ ያጣል። ሥራዎ መስኖ ውስጥ ካልሆነ በቀር ተራ ባለ ቁልፍ ስልክና አንድ የፕላስቲክ ከረጢት ይበቃሉ እላለሁ።

5. ሳይከፍሉ ይሞክሩ

የራስዎን ሲም ከትተው ከሱቁ ውጭ፣ ጫጫታው መሐል፣ ይደውሉ። በአማርኛ መልእክት ያስልኩ፤ በፊደል ፈንታ ሣጥን ሣጥን ከታየ ስልኩ አማርኛ አያነብም። ሬዲዮው ያለ ጆሮ ማዳመጫ ገመድ መሥራቱን ይፈትሹ፤ አንዳንዶቹ ገመዱን እንደ አንቴና ስለሚጠቀሙበት ያለ እሱ ዝም ይላሉ። *#06# ሲጫኑ የሚወጣው ባለ 15 አሃዝ የስልኩ መለያ ቁጥር ካርቶኑ ላይ ካለው ጋር መግጠም አለበት። ካልገጠመ ዋጋው የቱንም ያህል ቢረክስ ይመልሱ። ከመክፈልዎ በፊት አንድ ጠጋኝ ዘንድ ጎራ ብለው የዚያን ሞዴል ቁልፍና መስታወት ያገኝ እንደሆነ ይጠይቁት። ሻጭ የማይነግርዎትን ይነግርዎታል።

6. ውሃ ከነካው

ወዲያው ባትሪውንና ሲሙን ያውጡ፤ ይሠራ እንደሆነ ልየው ብለው አያብሩት፣ ቻርጅም አያድርጉት። ጠርገው አየር በሚነፍስበት ጥላ ቢያንስ አንድ ቀን ይተዉት። ምድጃ ዳር ማስቀመጥ ፕላስቲኩን ያጣምማል። ጤፍ ወይም ሩዝ ውስጥ መቅበርም አይጠቅምም፤ ፍሬውና ብናኙ ቀዳዳው ውስጥ ገብቶ ለጠጋኙ ሌላ ሥራ ይሆናል።