ከጎረቤት ተጠግቶ ለሚሠራ ፎቅ፦ ሶሌታ ከመሞላቱ በፊት ከውጭ አገር ሆነው የሚያስጨርሱት ጉዳይ

በ2017 ዓ.ም. ከአዋሽ ፈንታሌ አካባቢ የተነሳው የመሬት መንቀጥቀጥ አዲስ አበባ ድረስ ሲሰማ፣ ውጭ ያለው ሰው ደውሎ የጠየቀው “ቤቱ ተሰነጠቀ ወይ?” ብሎ ነው። ፎቅ እያሠሩ ላሉ ግን የሚቀድም ጥያቄ አለ፦ በእኛና በጎረቤት ፎቅ መካከል ስንት ሳንቲ ሜትር ክፍት ቦታ ቀርቷል?

ሁለት ፎቆች ሲናጡ እኩል አይወዛወዙም። ቁመታቸውና ክብደታቸው ስለሚለያይ አንዱ ወዲህ ሲመጣ ሌላው ወዲያ ይሄዳል፤ ክፍተት ከሌለ ይጋጫሉ። እ.ኤ.አ. በ1985 ሜክሲኮ ሲቲ ላይ እንዲህ ተጋጭተው የተጎዱ ሕንፃዎች ብዙ ነበሩ። የሚከፋው ወለላቸው እኩል ከፍታ ላይ ካልሆነ ነው። የጎረቤት ሶሌታ (የወለል አርማታ) የእርስዎን ኮለን (ምሰሶ) ወገቡ ላይ ይመታዋል። ጎረቤት ቀድሞ ከሠራ የወለሎቹን ከፍታ አስለክተው ዲዛይኑ ሳያልቅ ለመሐንዲሱ ይስጡት።

የክፍተቱ መጠን በግምት አይወሰንም። የስትራክቸር መሐንዲሱ ፎቁ በመንቀጥቀጥ ጊዜ ምን ያህል እንደሚወዛወዝ በስሌት ያውቀዋልና በጽሑፍ ይጠይቁት። የአገሪቱ የሕንፃ ኮድ (ኢ.ኤስ. ኢ.ኤን. 1998 የሚባለው) ፎቁ ከወሰኑ ቢያንስ የራሱን መወዛወዝ ያህል እንዲርቅ ይጠይቃል። ጎረቤት ወሰኑ ላይ ለጥፎ ከሠራ የሱንም ድርሻ እርስዎ ቢተዉ ይሻላል፦ የእርስዎ መወዛወዝ 6፣ የሱ 8 ሳንቲ ሜትር ቢሆን፣ እያንዳንዱ በራሱ ተባዝቶ 36 እና 64፣ ተደምሮ የ100 ስኩዌር ሩት፣ ማለትም 10 ሳንቲ ሜትር።

ፕላን ላይ ያለው ክፍተት ሳይት ላይ የሚጠፋው ብዙ ጊዜ በፎርም ወርክ (አርማታ በሚሞላበት የጣውላ ቅርጽ) ነው። በጎረቤት በኩል ጣውላ ማቆምም መንቀልም ስለሚያስቸግር፣ አርማታው የጎረቤት ግድግዳ ላይ ተደግፎ ይሞላል። ከፊት ለፊት ሲያዩት ያማረ ሥራ ነው፤ ሁለቱ ፎቆች ግን ተጣብቀዋል። ክፍተቱ ሲተውም የብሎኬት ስብርባሪና የፈሰሰ ሲሚንቶ ይወድቅበታል። ጠጣር ነገር የሞላበት ክፍተት እንደሌለ ነው። በክፍተቱ ልክ የተቆረጠ ለስላሳ ፎም አስገብተው አርማታውን ይሙሉ፤ አርማታው ሲጠነክር ፎሙ ቢወጣ ይመረጣል። ዝናብ እንዳይገባ ጣሪያ ላይ የሚሸፈነው ላሜራም በአንድ ወገን ብቻ ይታሰር፤ በሁለቱም ከታሰረ በመጀመሪያው ንዝረት ይቀደዳል።

ከውጭ ሆነው ይህን ለማስፈጸም ውክልናው “ቤት እንዲያሠራልኝ” ብሎ ብቻ እንዳይቀር። ከጎረቤት ጋር የወሰን ስምምነት መፈረምና የፕላን ማሻሻያ መጠየቅ በግልጽ ይጻፍበት። ተቆጣጣሪ መሐንዲሱን ከኮንትራክተሩ ለይተው ራስዎ ይቅጠሩ፤ የሚከፍለው ኮንትራክተሩ ከሆነ ሥራ ለማስቆም ይቸገራል። ክፍያውን ደግሞ በሶሌታ ይከፋፍሉት፦ የቀጣዩ ሶሌታ ገንዘብ የሚለቀቀው፣ የተሞላው ሶሌታ ክፍተት ከላይ እስከ ታች በባትሪ እየበራ፣ ሜትር ተዘርግቶበት ቁጥሩ እየተነበበ በቪዲዮ ሲደርስዎ ነው። አንድ ቦታ ላይ ብቻ አይለካ፤ ግድግዳ ሲዘም በአንድ ጫፍ 10 የነበረው በሌላው 4 ሆኖ ይገኛል።