የአሮጌ የቤት ዕቃ ቆዳ፦ ምልክቱ፣ መንስኤውና መፍትሔው

የአሮጌ ወንበር ወይም ሶፋ ቆዳ ሲደርቅና ሲደበዝዝ ብዙ ሰው ቀድሞ የሚያነሣው ቫዝሊን፣ የምግብ ዘይት ወይም የጫማ ቀለም ነው። ቆዳውን ይበልጥ የሚጎዳው ብዙውን ጊዜ ይኸው ችኮላ ስለሆነ፣ ምልክቱ በሚገባ ሳይለይ ምንም ነገር መቀባት አይገባም።

ነጭ ሽፋን ሲታይ

መንስኤው ሻጋታ ወይም ከቆዳው ውስጥ ወደ ላይ የወጣ ስብ ሊሆን ይችላል። የፀጉር ማድረቂያ በዝቅተኛ ሙቀት፣ ከራቅ ብሎ፣ በጥቂቱ ቢያሳዩት ስብ ቀልጦ ይጠፋል፤ ሻጋታ ግን እንዳለ ይቀራል። ስቡን በለስላሳ ደረቅ ጨርቅ መጥረግ በቂ ነው። ሻጋታ ከሆነ ዕቃውን ነፋሻ ጥላ ውስጥ አውጥቶ፣ አፍና አፍንጫን ሸፍኖ፣ በለስላሳ ብሩሽ ማራገፍ ያስፈልጋል። የክፍሉ አየር አንጻራዊ እርጥበት (በእርጥበት መለኪያ የሚታየው) ከ65 በመቶ በላይ ከቆየ ግን ተመልሶ ስለሚመጣ፣ በተለይ በክረምት ዕቃውን ከግድግዳ ማራቅና ክፍሉን ማናፈስ ይገባል።

ጣት ላይ ቀላ ያለ ብናኝ ሲቀር

ይህ ከሁሉ የከፋው ነው። በዕፅዋት ጭማቂ የለፋ ቆዳ፣ በተለይም ከ19ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ በኋላ የተሠራው፣ ከከሰልና ከጋዝ መብራት ጭስ የሚወጣውን ሰልፈር ዳይኦክሳይድ ይስባል፤ ይህም በቆዳው ውስጥ ወደ ሰልፈሪክ አሲድ ተለውጦ ክሮቹን ቀስ በቀስ ይበላቸዋል። እንዲህ ያለ ቆዳ ውሃ ሲነካው ይጠቁራል፣ ይደድራልም፤ ስለዚህ እርጥብ ጨርቅ ፈጽሞ አይቅረበው። የተበላው ክር አይመለስም። ሆኖም በኢታኖል (በአልኮል) የሟሟ፣ 2 በመቶ ያህል ሃይድሮክሲፕሮፒል ሴሉሎስ የተባለ ማያያዣ ዱቄት በስሱ ቢቀቡት ብናኙን ይይዘዋል። ቀለሙን ሊያጠቁር ስለሚችል በማይታይ ጥግ መሞከር፣ አልኮሉም ሼላክ የተባለውን የእንጨት ቫርኒሽ ስለሚፈታ የእንጨቱን ጠርዝ መከለል ያስፈልጋል። ዋጋ ያለው ዕቃ ከሆነ ለባለሙያ ቢሰጥ ይሻላል።

ሲያጣብቅ

ለዓመታት የተደራረበ ቅባት አየር እየነካው ወደ ሙጫነት ስለሚለወጥ ነው። ንጹሕ ነጭ ጨርቅ እየጫኑ፣ እየለወጡም ማንሣት እንጂ ሌላ ቅባት መጨመር አያዋጣም።

የእጅ መደገፊያው ሲጠቁር

የላብና የገላ ቅባት ነው። በማይታይ ቦታ አንድ የውሃ ጠብታ ያኑሩ። ጠብታው ላዩ ላይ ከቆመ ቆዳው መከላከያ ሽፋን ስላለው፣ በተጣራ ውሃ ረጥቦ በደንብ በተጨመቀ ጨርቅ ሊጠረግ ይችላል፤ ከሰረገ ደረቅ ብሩሽ ብቻ ይበቃዋል። የልብስ ሳሙና አልካላይን፣ ቆዳ ደግሞ በባሕርዩ አሲዳማ ስለሆነ አይስማሙም።

እንደ ቅርፊት ሲላጥ

ከሥሩ የጨርቅ ሽመና ከታየ ሰው ሠራሽ ቆዳ ነው፤ መፍትሔው ማልበሻውን መለወጥ ብቻ ነው።