የመኒ ፕላንቱን ቅጠል ያጠወለገው የውኃ ብዛት ነበር

የታችኞቹ ቅጠሎች ተራ በተራ ቢጫ እየሆኑ ይረግፉ ነበር። የአፈሩ ገጽ ደረቅ ስለሚመስል ውኃ ይጨመርበታል፤ ጣት እስከ ሁለተኛው አንጓ ሲገባ ግን ውስጡ ጭቃ ነው፣ ሽታውም የሚከረፋ። ውኃ የሞላው አፈር አየር ስለሌለው ሥሩ ታፍኖ ይበሰብሳል። የበሰበሰ ሥር ደግሞ ውኃ አይስብም፤ ስለዚህ ተክሉ የተጠማ ይመስላል። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው።

ተክሉን ከነአፈሩ አውጥቶ ሥሩን ማየት ግድ ነው። ጤነኛው ነጣ ያለና ጠንካራ ነው፤ የበሰበሰው ቡናማ ሆኖ፣ ሳብ ሲያደርጉት ልጣጩ ሙልጭ ብሎ ውስጡ እንደ ክር ይቀራል። የበሰበሰው ሁሉ በአልኮል በተወለወለ መቀስ ተቆረጠ። ከዚያ 2 እጅ አፈር፣ 1 እጅ ኮምፖስት፣ 1 እጅ ሻካራ አሸዋ ተቀላቅሎ፣ ከቀረው ሥር 2 ሳንቲ ሜትር ያህል ብቻ በሚሰፋና ታቹ ቀዳዳ ባለው ዕቃ ተተከለ። ትልቅ ዕቃ እርጥበቱን ስለሚያቆይ ችግሩን መልሶ ያመጣዋል።

አሁን ውኃ የሚጠጣው ከላይ 3 ሳንቲ ሜትር ሲደርቅ ብቻ ነው፤ ሳህኑ ላይ የተጠራቀመውም ይደፋል። ማዳበሪያ አዲስ ቅጠል እስኪያወጣ ይቆይ። ቢጫ የሆነው ቅጠል ተመልሶ አይለመልምም፣ ይቀንጠስ።

ቢጫው ከአዲሶቹ ቅጠሎች ጀምሮ ጅማቱ አረንጓዴ ከቀረ ግን መጠርጠር ያለበት የብረት እጥረት ነው።