ከድሬ ወደ ቶሮንቶ፦ ቤት ከመከራየታችሁ በፊት ባስ ስንት ጊዜ እንደምትቀይሩ ቁጠሩ

ሰሞኑን ድሬ ነኝ። ከዚራ ዛፍ ጥላ ስር ተቀምጠን የአክስቴ ልጅ የጥያቄ መዓት ያወርድብኛል። በሚቀጥለው ወር ቶሮንቶ ይገባል። ስለ ብርዱ፣ ስለ ጃኬቱ፣ ስለ ሥራው ጠየቀኝ። ስለ ትራንስፈር ሳነሳበት ግን፣ "አቦ፣ ባስ መቀየር ደግሞ ምን ችግር አለው?" አለኝ።

እውነቱን ነው። እዚህ ከሳቢያን ቀፊራ ለመድረስ ባጃጅ ብትቀይሩ የሚጎዳው ኪሳችሁ ብቻ ነው። "ወራጅ!" ብላችሁ ትወርዳላችሁ፣ ትከፍላላችሁ፣ ዞር ስትሉ ሌላ ባጃጅ አጠገባችሁ ቆሟል። ቶሮንቶ ነገሩ ይገለበጣል። መቀየር ገንዘብ አያስወጣም፤ የሚበላው ጊዜያችሁን ነው።

የክፍያው ነገር ቀላል ነው። ፕሬስቶ የሚባል ካርድ ታወጣላችሁ፤ ለአዋቂ በአንድ ጉዞ 3.30 ዶላር ይቆርጣል። ካርዱን ማሽኑ ላይ ካስነካችሁበት ደቂቃ ጀምሮ ሁለት ሰዓት ሙሉ ባሱንም፣ ስትሪትካሩንም (የጎዳና ላይ ባቡሩን)፣ ሰብዌዩንም (የምድር ውስጥ ባቡሩን) እንደፈለጋችሁ ትቀያይራላችሁ። መሃል ላይ ወርዳችሁ ዳንፎርዝ ካሉት የሐበሻ ሱቆች እንጀራ ገዝታችሁ ብትሳፈሩም ድጋሚ አይቆርጥም። ከየካቲት 2016 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ ወደ ጎረቤቶቹ ከተሞች ወደ ሚሲሳጋና ብራምፕተን ባሶች ስትቀይሩም ሁለተኛ ሒሳብ የለም። የመጋዘን ሥራ እዚያ ስለሚበዛ ይህ ለአዲስ ሰው ትልቅ እፎይታ ነው። ብቻ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ያንኑ ካርድ አስነኩ። አንዴ በፕሬስቶ፣ አንዴ በባንክ ካርድ ካደረጋችሁ ማሽኑ እንደ ሁለት ሰው ይቆጥራችኋል። እስከ 12 ዓመት ያሉ ልጆች በነጻ ይሄዳሉ።

ጊዜው ላይ ነው ጉዱ። የትራንስፖርት ባለሙያዎች መስመር ሲያቅዱ ቆሞ የመጠበቅን አንድ ደቂቃ ተሳፍሮ የመሄድ ሁለት ደቂቃ ያህል አድርገው ያስባሉ። ይህ የገባኝ በመጀመሪያው ዊንተር ነው። ካርታ ላይ ለሥራዬ ቅርብ የሆነ ክፍል ተከራይቼ ነበር፤ ግን ባስ ይቀየራል። አንድ ማለዳ የመጀመሪያው ሦስት ደቂቃ ዘገየ። መስቀለኛው ላይ ስወርድ የሁለተኛው የኋላ መብራት ቀላ ብሎ ሲርቅ አየሁት። ሮጥኩ። ጫማዬ በረዶው ላይ ከዳኝና በጉልበቴ ወደቅኩ። የሚቀጥለው ከ30 ደቂቃ በኋላ ነበር። መጠለያ የለም። ትንፋሼ ስካርፌ ላይ ደረቀ፣ የእግሬ ጣቶች አሉ የሉም አላውቅም። ሥራ ስደርስ አለቃዬ ምንም አልተናገረኝም፤ ግድግዳው ላይ ያለውን ሰዓት ብቻ አየት አደረገ። በወሩ ቤት ቀየርኩ። አዲሱ ክፍል ከሥራዬ ይርቃል፤ ግን አንድ ባስ በቀጥታ ያደርሰኛል።

ስለዚህ ክፍል ስታዩ ኪሎሜትሩን ተዉት፣ ቅያሪውን ቁጠሩ። የምትቆጥሩትም በትክክል ሥራ በምትሄዱበት ቀንና ሰዓት ይሁን። እሁድ ሰብዌዩ የሚጀምረው በእኛ አቆጣጠር ጠዋት ሁለት ሰዓት አካባቢ ነው። ሌሊት ከሰባት ተኩል ገደማ በኋላ ደግሞ ያቆምና ቁጥራቸው በ3 የሚጀምር የሌሊት ባሶች ይተካሉ። (ስልካችሁ ላይ 7:15 ካለ፣ በእኛ አንድ ሰዓት ከሩብ ነው። በዚህ ስህተት ሥራ የቀረ ሰው አውቃለሁ።)

መቀየር ግድ ከሆነ ሁለተኛው ቶሎ ቶሎ የሚመጣ ይሁን። ከባስ ወርዶ ሰብዌይ መያዝ አይከብድም፤ አንዱ ቢያመልጣችሁ ሌላው በደቂቃዎች ውስጥ ይደርሳል። መመለሻው ላይ ግን ቅደም ተከተሉ ይዞራል። ያኔ ከሥራ የምትወጡበትን ሰዓት በባሱ መምጫ ለኩት። ከሰብዌዩ መስመር 1 ወደ መስመር 2 ስትቀይሩም ስፓዳይና ጣቢያ አትውረዱ፤ ረጅም ኮሪደር በእግር ያስኬዳል። ከጎኑ ያለው ሴንት ጆርጅ ላይ ሁለቱ መስመሮች አንዱ ከአንዱ በላይ ስለሆኑ ደረጃ ብቻ ነው። ሻንጣ ወይም የልጅ ጋሪ ለያዘ ልዩነቱ ብዙ ነው።

ትናንት የአክስቴ ልጅ ጓደኛው ያገኘለትን ክፍል አድራሻ አሳየኝ። ካርታውን ከፍተን ሰኞ ጠዋት ብለን አስገባን። አንድ ቅያሪ አለው፤ ሁለተኛው ሰብዌይ ነው። ያዘው አልኩት።